ስለ ትካዜ መድኃኒትና ስለ ልብ ደስታ

ሰው አጥንቱ ቢሰበር ወጌሻ ይጠራል፤ ወባ ቢይዘው ክኒን ይውጣል፤ ዓይኑ ቢደክም መነጽር ያደርጋል። በዚህም ሁሉ ማንም አይነቅፈውም፥ እርሱም አያፍርም። ልቡ በትካዜ በተሰበረ ጊዜ ግን ሕመሙን ከጎረቤቱ፥ መድኃኒቱንም ከሚስቱ ይሸሽጋል። መድኃኒቱን የሚውጠው አንድ ወይም ሁለት ወር ሳይሆን አምስትና ዐሥር ዓመት የሆነ እንደ ሆነ ደግሞ ከሕመሙ ሌላ አዲስ ጭንቀት ይጨመርበታል። ይኸውም፥ «ይህን የምውጥ እኔ ሃይማኖቴ የጎደለ ነኝን? የማገኘውስ ደስታ የራሴ ነውን? እስከ መቼስ እውጠዋለሁ?» እያለ ራሱን የሚጠይቀው ጥያቄ ነው። ነገሩ የሐኪሞች ብቻ ሳይሆን የካህናትና የቤተ ሰብም ነውና በዚህ ጽሑፍ ስለነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ጥቂት ቃል ለመናገር አስባለሁ።

ዛሬ በመንግሥት መዝገብ እንጅባራ የምትባለው ከተማችን ቆሰበር፥ ስሟ ሲሰማ ኮሶን ያስታውሳል። ኮሶ በደጋችን የሚበቅል ዛፍ ነው፤ አበባው ተወቅጦ በውሃ ተበጥብጦ የኮሶ ትልን ለማስወጣት ይጠጣ እንደ ነበር ሁሉ ያውቃል። አባቶቻችን ጥሬ ሥጋ ይወዱ ስለ ነበር ኮሶ አንድ ጊዜ ጠጥተው የሚተዉት መድኃኒት አልነበረም፤ መኳንንቱም ገበሬውም በየሁለት ወሩ ያህል ዕድሜ ልካቸውን ይጠጡት ነበር። ኮሶ የጠጣ ሰው በዚያ ቀን ከቤቱ አይወጣም፥ እንግዳም አይቀበልም፤ «ኮሶ ጠጥቷል» ከተባለ ምክንያቱ ይበቃ ነበር። ጣዕሙ እጅግ መራራ ነው፥ ልኩ ሲያልፍም ዓይን እስከ ማጥፋት ይጎዳል። ይህን ሁሉ እያወቁ ጠጡት እንጂ፥ «ዕድሜ ልኩን ኮሶ የሚጠጣ ሰው እምነት የለውም» ያለ አልተሰማም። በ19ኛው መቶ ዓመት የአውሮፓ ሐኪሞችም በመድኃኒት መዝገባቸው ጻፉት።

ነገር ግን በዚያም ዘመን ቢሆን ሐፍረት ጨርሶ አልጠፋም ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስን ጠላቶቻቸው «የኮሶ ሻጭ ልጅ» እያሉ ይሰድቧቸው እንደ ነበር ሲነገር ይኖራል። እንግዲህ ያን ጊዜ ጠጪው አያፍርም፥ የሚነቀፈው ሻጩ ነበር። ዛሬ ነገሩ ተገለበጠና የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት ይከበራል፥ የሚውጠው ድኻ ግን ያፍራል። ሁለቱም ፍርድ ከልማድ የመጣ ነው እንጂ ከእውነት የመጣ አይደለም።

በዚችው በቆሰበር የማኅሌት አገልጋይ የሆነ አንድ ወዳጅ አለኝ። ያገኘውን መከራ ለሌላው ትምህርት ይሆን ዘንድ እንድጽፈው ፈቅዶልኛል፤ ስሙን ግን አልጠራም። የዛሬ ዐሥራ አንድ ዓመት በክረምት፥ ጉምና ዝናብ ከአገራችን በማይለይበት ወራት፥ ያለ ምንም የታወቀ ምክንያት እንቅልፍ አጣ። ዘወትር ከሌሊቱ በዘጠኝ ሰዓት ይነቃና እስኪነጋ ድረስ ጣራ ጣራውን ሲያይ ያድራል። እህል አመድ አመድ ይለው ጀመር። ልጆቹ ሲጫወቱ ያያል፥ ደስ ግን አይለውም። ክረምቱ አልፎ በጋ ቢሆንም ልቡ አልበራም፤ ጥር 23 ቀን የአገው ፈረሰኞች የዓድዋን ድል ለማሰብ በከተማችን ሜዳ ሲጋልቡ፥ ከልጅነቱ ጀምሮ ደስ ያሰኘው የነበረው ያ ነገር እንደ ሩቅ አገር ወሬ ሆነበት። በመጨረሻም ዜማው ከአፉ ጠፋ፤ ልቡም «ምነው ባልተወለድሁ» ይለው ጀመር።

ጎረቤቶቹም አንዱ ዓይነ ጥላ ነው አለ፤ አንዱ ስንፍና ነው አለ፤ አንዱም የተሰወረ ኃጢአት ቢኖርበት ነው አለ። የንስሐ አባቱ ግን አስተዋይ ሰው ነበሩና ከጸለዩለት በኋላ ወደ ሐኪም ቤት ወሰዱት። ሐኪሙም አሚትሪፕቲሊን የሚባለውን ክኒን ማታ ማታ እንዲውጥ ሰጠው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ራሱን ከማዞርና አፉን ከማድረቅ በቀር የጠቀመው ነገር አልነበረም። በአራተኛው ሳምንት ግን እንቅልፉ፥ ቀጥሎም የእህል ፍቅሩ፥ ከዚያም ዜማው ተራ በተራ ተመለሱለት።

እንዲህ ሆኖ ሁለት ዓመት ኖረ። የአፉ መድረቅ ግን አልለቀቀውም ነበርና ሌሊት በማኅሌት ቆሞ ድምፁ ሲቆራረጥ ያፍር ነበር። በዚህ ምክንያት ልቡ ሲያመነታ ወደ አንድ ጸበል ሄደ፤ በዚያም አንድ ሰው «በክኒን እየታመንህ ጸበል አይሠራልህም» ቢለው የያዘውን ሁሉ በዚያው ቀን ጣለው። በሦስተኛው ቀን ማጥወልወልና እንቅልፍ ማጣት ጀመረው፤ ወር ተኩል ሳይሞላው የቀድሞው ጨለማ ከበፊቱ ጠንቶ ተመለሰበት። አንድ ቀን ማታ ከቤቱ ወጥቶ ቀረ። የንስሐ አባቱ ሲፈልጉት አመሹና በዘንገና ሐይቅ አፋፍ ብቻውን ተቀምጦ አገኙት። አልገሠጹትም፤ አጠገቡ ተቀመጡና ጋቢያቸውን አለበሱት። ሲነጋም ወደ ሐኪሙ መለሱትና፥ «ጧት ጸበሉን ከእጄ ትጠጣለህ፥ ማታ ደግሞ ሐኪሙ የሰጠህን እያየሁህ ትውጣለህ» አሉት። ሐኪሙም አፍን እንደዚያ የማያደርቅ ፍሉኦክሰቲን የሚባል ሌላ መድኃኒት ለወጠለት። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ እስከ ዛሬ እርሱን እየዋጠ ነው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ያ በጸበል ቦታ የተናገረው ሰው ክፉ አሳቢ አልነበረም፤ በቃሉ ግን ነፍስ ሊጠፋ ነበር። ስለዚህ የመጀመሪያውን ጥያቄ፥ ይኸውም መድኃኒት መዋጥ የእምነት ጉድለት ነው ወይስ አይደለም የሚለውን፥ በጥንቃቄ ልንመረምረው ይገባናል።

በቅድሚያ ግን ሐዘን ሁሉ ደዌ እንዳይደለ እናስተውል። ልጁ የሞተበት ቢያለቅስ፥ የበደለ ቢጸጸት፥ የተራበ ቢተክዝ ይህ የሰውነት ወግ ነው። ለሐዘንተኛው አጽናኝ፥ ለበደለኛው ንስሐ፥ ለተራበው እንጀራ ያስፈልገዋል እንጂ ክኒን አያስፈልገውም። ሐኪሞች ዛሬ ድባቴ የሚሉት ደዌ ግን ሌላ ነው። ከሁለት ሳምንት የሚበልጥ ጊዜ ሳያቋርጥ የሚቆይ፥ ደስታን ሁሉ የሚነጥቅ፥ እንቅልፍንና ምግብን የሚለውጥ፥ አካልን የሚያዝል፥ ያልሠሩትን በደል የሚያሸክም፥ ሞትንም የሚያስመኝ ነው። ይህን ከዚያ ለይቶ ማወቅ የጠቢብ ሥራ ነው፤ ሳይለዩ ክኒን መስጠትም፥ ሳይለዩ ክኒን መከልከልም እኩል ስሕተት ነው።

አሁን ወደ መጻሕፍት እንመለስ። ነቢዩ ኤልያስ ከኤልዛቤል ሸሽቶ በክትክታ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሞትን በለመነ ጊዜ፥ እግዚአብሔር መልአክ ላከለት። መልአኩም አስቀድሞ ስለ እምነቱ ማነስ አልወቀሰውም፤ እንጎቻና ውሃ አቀረበለት፥ ተመልሶ ሲተኛም ተወው፥ ዳግመኛም አብልቶ አጠጣው። አርባ ቀን የተጓዘው ከዚህ በኋላ ነው። ንጉሡ ሕዝቅያስም በታመመ ጊዜ ጸሎቱ ተሰምቶ ዐሥራ አምስት ዓመት እንደሚጨመርለት ከተነገረው በኋላ፥ ያው ነቢዩ ኢሳይያስ የበለስ ጥፍጥፍ በቍስሉ ላይ እንዲያደርጉለት አዘዘ። ጸሎቱ የተሰማለት ሰው መድኃኒቱ አልቀረለትም ማለት ነው። መጽሐፈ ሲራክም በ38ኛው ምዕራፍ ባለ መድኃኒትን ማክበር እንዲገባ፥ መድኃኒትንም ከምድር የፈጠረ እግዚአብሔር እንደ ሆነ ያስተምራል፤ በዚያው ቦታ በሽተኛው እንዲጸልይና ንስሐ እንዲገባም ያዝዛል። አንዱን በሌላው አያፈርስም።

ይህ ነገር በቅርብ ዘመንም በቤተ ክርስቲያናችን ተፈትኗል። በእንጦጦ ማርያም ጸበል የኤች አይ ቪ ሕሙማን መድኃኒታቸውን እየተዉ ብዙዎች በተጎዱ ጊዜ፥ በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ጸበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታ ስለ ሆኑ ሕሙማን ሁለቱን አንድነት እንዲወስዱ በይፋ አሳሰቡ። ለሥጋ ደዌ የተነገረው ለልብ ደዌም የማይሆንበት ምክንያት የለም። በአዲስ አበባም በጸበል ቦታ የሚያገለግሉና የአእምሮ ሐኪሞች ተባብረው ሕሙማንን ሲረዱ ታይቷል። እንግዲህ ስለ መጀመሪያው ጥያቄ መልሱ ይህ ነው፤ መድኃኒትን የሚውጥ ሰው በመድኃኒቱ ፈጣሪ ላይ እምነት አልጎደለውም፤ እምነት የሚጎድለው እግዚአብሔር በአንድ መንገድ ብቻ ይሠራል ብሎ መንገዱን የሚያጠብብበት ሰው ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ ከዚህ የረቀቀ ነው። ወዳጄ ከዳነ ከጥቂት ዓመታት በኋላ አንድ ቀን ለንስሐ አባቱ እንዲህ አላቸው፤ «አባቴ፥ አሁን እስቃለሁ፥ እዘምራለሁም። ግን ይህ ደስታ የኔ ነው ወይስ የክኒኑ? ክኒኑ ቢወሰድብኝ ከሄደ፥ ቀድሞስ መቼ የኔ ነበር?»

መልሱን ከመናገር በፊት የመድኃኒቱን ባሕርይ ማወቅ ይጠቅማል። እንዲህ ያለው መድኃኒት የተገኘው ታስቦ ሳይሆን እንደ አጋጣሚ ነው። ለሳምባ ነቀርሳ የተሰጠ ኢፕሮኒያዚድ የሚባል መድኃኒት የሕሙማኑን ልብ ሲያነቃቃ ታየ። በፈረንጆች አቈጣጠር በ1957 ዓ.ም. ደግሞ ሮላንድ ኩን የሚባል የስዊስ ሐኪም ለሌላ የአእምሮ ሕመም ይሞከር የነበረው ኢሚፕራሚን በትካዜ የተያዙትን እንደሚረዳ ጽፎ አሳወቀ። አሚትሪፕቲሊን ከዚህ ወገን ነው። ፍሉኦክሰቲን በአሜሪካ እንዲሸጥ የተፈቀደው በዚያው አቈጣጠር በ1987 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ሁለቱም የዓለም ጤና ድርጅት ለየአገሩ አስፈላጊ ናቸው ብሎ ከዘረዘራቸው መድኃኒቶች መካከል ይገኛሉ። ሁሉም በአንጎል ውስጥ ጅማት ለጅማት መልእክት በሚያቀብሉ ቅመሞች ላይ ይሠራሉ፤ ትካዜን እንዴት እንደሚያቀልሉ ግን ሊቃውንቱ ዛሬም ይከራከራሉ። አንድ ነገር ግን የታወቀ ነው፤ እንደ ጠጅ ወይም እንደ ጫት ወዲያው ደስ አያሰኙም። ጤነኛ ሰው ቢውጣቸው አይፈነድቅም። ለሕመምተኛውም ቢሆን ከሁለት እስከ ስድስት ሳምንት ቆይተው የወደቀውን ያነሣሉ እንጂ አዲስ ደስታ አያፈስሱለትም።

አባቶች ሌሊቱን በማኅሌት ሲቆሙ መቋሚያቸውን ይደገፋሉ። መቋሚያው ግን ስለ እነርሱ አይዘምርም፤ ድጓውን አያውቅም፤ ከግድግዳ ቢያስጠጉት እንጨት ነው። ነገር ግን ሰውየው በእርሱ ተደግፎ ስለሚቆም ዜማው እስከ ንጋት ይደርሳል። ደግሞም የዝማሜ ጊዜ ሲደርስ የተደገፈበትን ያንኑ በትር አንሥቶ ያመሰግንበታል። እስከ ዛሬ «ይህ ምስጋና የመቋሚያው ነው» ያለ ሰው አልሰማንም። መድኃኒቱም እንዲሁ ነው፤ የመቆም ኃይል ይሰጣል፥ በቆመበት የሚሠራው ግን የሰውየው ነው።

የንስሐ አባቱም የመለሱለት ቃል ከዚህ የራቀ አልነበረም። «ልጄ፥ ባለፈው ሳምንት የጎረቤትህ ቤት ሲቃጠል ሮጠህ ልጆቹን ያወጣህ ክኒኑ ነውን? ክኒኑ ከአልጋ አስነሣህ፤ ወዴት እንደምትሄድ ግን አልነገረህም። እንቅልፍም፥ እህልም፥ ፀሐይም ባይኖሩ ደስታህ ይጠፋ ነበር፤ ታዲያ ደስታህ የእንጀራ ነው ትላለህን?» አሉት። በውነቱ ፍጡር ሆኖ ከሌላ ሳይቀበል የሚቆም የለም። የራሳችን የምንለው ነገር ያልተቀበልነው ሳይሆን ተቀብለን በጎ ያደረግንበት ነው።

ይሁን እንጂ ነገሩን በዚህ ብቻ ብንዘጋው እውነቱን ግማሽ እንናገራለን፤ መድኃኒቱ ዋጋ ያስከፍላልና። የዛሬ ሦስት ዓመት የወዳጄ እናት ሞተች። እጅግ ይወዳት ነበር። በቀብሩ ቀን ግን ዓይኑ ደረቀ፤ እንባ አልመጣለትም። ለቀስተኛው ያየዋል፥ እኅቶቹ ይተዛዘቡታል። እርሱም፥ «በደረቴ ውስጥ ሐዘኑ እንዳለ አውቃለሁ፤ ነገር ግን በወፍራም መጋረጃ ጀርባ እንዳለ ሰው ድምፁን እሰማለሁ እንጂ ፊቱን አላይም» አለኝ። ይህ የእርሱ ብቻ አይደለም። በኒውዚላንድ አገር መድኃኒቱን ከ3 እስከ 15 ዓመት የዋጡ 180 ሰዎች ተጠይቀው የመለሱት ቃል በፈረንጆች አቈጣጠር በ2016 ዓ.ም. ታትሟል። ከእነርሱ 89.4 በመቶ የሚሆኑት መድኃኒቱ እንደ ረዳቸው መስክረዋል። ዳሩ ግን ከእነዚያው ሰዎች 64.5 በመቶ ስሜታቸው እንደ ደነዘዘ፥ 71.8 በመቶ የግብረ ሥጋ ኑሯቸው እንደ ተበላሸ፥ 73.5 በመቶ የማቋረጥ ሕመም እንዳገኛቸው ተናግረዋል። ከመቶው 30 ያህሉም መድኃኒቱን እየዋጡ እንኳ ትካዜው ጨርሶ አልለቀቃቸውም ነበር።

እንግዲህ የሚረዳውና የሚጎዳው በአንድ ሰው ላይ በአንድ ጊዜ ይገኛል። ኮሶም ትሉን ሲያወጣ ሆድ ይቆርጥ እንደ ነበር ማስታወስ ነው። ስለዚህ ሕመምተኛው «ረድቶኛል» ሲል ጉዳቱን እንደ ካደ፥ «ጎድቶኛል» ሲልም ውለታ ቢስ እንደ ሆነ አድርገን አንስማው። ወዳጄም የእናቱን ተዝካር ካወጣ በኋላ ሳያፍር ለሐኪሙ ነገረው። ሐኪሙም ነገሩን ሳይንቅ ሰማው፤ በቀን 40 ሚሊግራም ይውጥ የነበረውን ቀስ በቀስ ወደ 20 አወረደለት። በሚቀጥለው ዓመት በሰሙነ ሕማማት ስቅለት ቀን በቤተ ክርስቲያን ሲሰግድ ሳያስበው እንባው ወረደ። ያን ቀን ስለ ጌታ መከራ ያለቀሰውን ስለ እናቱም አለቀሰ። ሰው ለመሳቅ ብቻ ሳይሆን ለማልቀስም ጤና ያስፈልገዋልና፥ ከመድኃኒት የምንፈልገው ሐዘንን ማጥፋት ሳይሆን ሐዘንን የሚሸከም ልብ መመለስ መሆኑን ከዚህ እንማራለን።

ሦስተኛው ጥያቄ «እስከ መቼ?» የሚለው ነው። በዚህ ነገር ሁለት ዓይነት ሰዎች ይሳሳታሉ። አንደኛው ትንሽ ሲሻለው «ድኛለሁ» ብሎ በአንድ ቀን የሚጥል ነው። ሁለተኛው መጠየቅን ፈርቶ ለምን እንደሚውጠው ሳያውቅ ዓመት በዓመት ላይ እየጨመረ የሚኖር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ምክር ሕመሙ ከለቀቀ በኋላ ቢያንስ ከ9 እስከ 12 ወር መድኃኒቱ እንዲቀጥል ነው፤ ሕመሙ የሚመላለስበት ሰው ደግሞ ከዚህ ሊያስረዝመው ይችላል። ለመተው በሚታሰብበት ጊዜም በሐኪም ምክር ልኩን በጥቂት በጥቂቱ እየቀነሱ ነው እንጂ በድንገት አይደለም። በድንገት የተወ ሰው ራስ ማዞር፥ እንቅልፍ ማጣት፥ ቍጣና ኤሌክትሪክ እንደ ነካው ያለ ንዝረት ሊያገኘው ይችላል።

በዚህ ላይ ሐኪሞቹም ትሕትና መማራቸው የሚያስመሰግን ነው። ለብዙ ዓመታት ይህ የማቋረጥ ሕመም ቀላልና በሳምንት ወይም በሁለት ሳምንት የሚያልፍ ነው ይሉ ነበር፤ ሕሙማኑ ግን «የኛ እንዲህ አልቀለለም» እያሉ ይጮኹ ነበር። በፈረንጆች አቈጣጠር በ2019 ዓ.ም. የእንግሊዝ የአእምሮ ሐኪሞች ኮሌጅ በአንዳንድ ሰዎች ላይ የጠናና የረዘመ ሊሆን እንደሚችል ተቀበለ። የታመመውን ሰው ቃል መስማት ለካህን ብቻ ሳይሆን ለሊቅም ግዴታ መሆኑን ይህ ያሳያል።

በዚያው በእንግሊዝ አገር ሌላ ምርመራ ተደርጎ ነበር። መድኃኒቱን ለረጅም ጊዜ የዋጡና ለመተው የሚያስቡ 478 ሰዎች በሁለት ተከፈሉ። እኩሌቶቹ ቀጠሉ፤ እኩሌቶቹም ሳያውቁት መድኃኒታቸው እየተቀነሰ በባዶ ክኒን ተለወጠ። በፈረንጆች አቈጣጠር በ2021 ዓ.ም. እንደ ታተመው፥ በአንድ ዓመት ውስጥ ትካዜው የተመለሰባቸው ከቀጠሉት 39 በመቶ፥ ከተዉት 56 በመቶ ነበሩ። ይህን ቁጥር ልብ ብሎ ያነበበ ሰው ከትምክሕት ይድናል። መድኃኒቱን ከተዉት ውስጥ ከመቶው 44 ያህሉ ሳይወድቁ ስለ ቆዩ «ይህን ካቆምህ ትጠፋለህ» ማለት አይቻልም። የተዉት ከቀጠሉት ይልቅ ስለ ወደቁም «ይህ ምንም አይጠቅምህም» ማለት አይቻልም። መድኃኒቱን እየዋጡ የወደቁም አሉና «ይህን ከያዝህ አትናወጥም» ማለትም አይቻልም። በሰውየው ፋንታ ሆኖ ከውጭ የሚፈርድ ሰው ሁሉ ከሦስቱ በአንዱ ይሳሳታል። መቋሚያን ማንሣት የሚገባው ቆሚው እግሩ መጽናቱን ሲያውቅ ነው፤ በዝማሬ መካከል ከእጁ የሚነጥቀው ሰው ግን ምንም ቅን ቢሆን ይጥለዋል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ለእያንዳንዳችን የሚገባን ሥራ ይታያል። ካህን የሆነ፥ በንስሐ የሚመጣለትን ልጁን ስለ መድኃኒቱ ሳያሳፍር ይጠይቀው። በጾም ወራት መድኃኒቱን እንዴት እንደሚውጥ ራሱ ይምከረው፤ የጾም ሥርዓታችን ለታመመ ሰው የሚራራ ሆኖ ሳለ፥ በዐቢይ ጾም ማንም ሳያዝዘው መድኃኒቱን የሚተው ብዙ ነውና። ሐኪም የሆነ፥ ክኒን ሰጥቶ ብቻ አያሰናብት፤ ምን እንደሚጠቅም፥ ምን እንደሚጎዳ፥ መቼ እንደገና እንደሚመረመር ይንገረው። ለብዙ ዘመን በአገራችን ለአእምሮ ሕመም የተለየ ሆስፒታል የአዲስ አበባው አማኑኤል ብቻ እንደ ነበረ፥ የአእምሮ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሠልጠንም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በፈረንጆች አቈጣጠር በ2003 ዓ.ም. እንደ ተጀመረ ስናስብ፥ ሐኪሞቻችን ጥቂቶችና የደከሙ መሆናቸውን አንክድም። ነገር ግን አምስት ደቂቃ የሚሆን ቃል ከመድኃኒቱ እኩል መድኃኒት ይሆናል።

ቤተ ሰብ የሆነ፥ በሽተኛው በተቈጣ ወይም በተከዘ ቍጥር «ክኒንህን ረሳህ እንዴ?» እያለ አያዋርደው፤ የጤነኛ ሰው ቍጣና ሐዘን ለእርሱም ይፈቀድለት። ነገር ግን መድኃኒቱ እንዳያልቅበት አስቀድሞ ይሰብለት። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን ጦርነት ከተነሣ በኋላ መንገድ በተዘጋ ጊዜ፥ መድኃኒት ያለቀበት ሰው ሳይወድ በድንገት ያቋርጣል፤ በዚህ ጊዜ የሚደርስበትን ሥቃይ ቤተ ሰቡ አውቆ ካልጠበቀው፥ «ክፉ መንፈስ ተመለሰበት» ብሎ ሁለተኛ መከራ ይጨምርበታል። ታማሚውም ራሱ ሕመሙን አይሸሽግ፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ተብሏልና። ሞት ሞት የሚለው ሐሳብ በመጣበት ቀንም ብቻውን አይዋል፥ ብቻውንም አይደር፤ ለሚያምነው ሰው በዚያው ሰዓት ይንገር።

ወዳጄ ዛሬም በየቀኑ አንዲት ክኒን ይውጣል። ከሐኪሙ ጋራ ተማክሮ ወደ ፊት ይተው ወይም አይተው ገና አልቈረጠም፤ የመቍረጥም ችኮላ የለበትም። ባለፈው እሑድ ሌሊት በማኅሌት አጠገቡ ቆሜ ነበር። በዕድሜ የገፉት መሪጌታ መቋሚያቸውን በሁለት እጃቸው ተደግፈው ዓይናቸውን ጨፍነው ያዜማሉ፤ እርሱም ተደግፎ ይቀበላቸዋል። ማን በምን ተደግፎ እንደ ቆመ በዚያ ሰዓት የሚጠይቅ አልነበረም፤ ዜማው ግን ደረሰ፥ ነጋም።

የተሰበረውን ልብ የሚጠግን፥ ዕፅዋትንም ለመድኃኒት የፈጠረ እግዚአብሔር፥ ለታመሙት ትዕግሥትን፥ ለሐኪሞች ጥበብን፥ ለካህናት ርኅራኄን፥ ለሁላችንም በወንድማችን መቋሚያ ላይ የማይፈርድ ልቡና ያድለን። አሜን።